የሚኒስትሩ ረዳት አሟሟት

የግራዝማች ዐወድ ሬሳ የተገኘው በ1900 ዓ.ም. በወርኃ ጥር፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ከአሶሳ በታች በሚወርደው ወንዝ መሻገሪያ ነበር። በደረቱ ተደፍቷል። እግሮቹ ውሃው ውስጥ ናቸው፤ በሁለት ትከሻዎቹ መካከል አንድ ፍላጻ ቆሟል። ባላምባራስ ቀናው ከበቅሎው ሲወርድ የከተማው ሰው ግማሽ ያህሉ ቀድሞት ደርሶ፣ ገዳይ የተባለውም ሰው ተይዞ የፊጥኝ ታስሮ ነበር።

«ማን ያዘው?» አለ ቀናው።

«ሁሉም» አለ አስተርጓሚው አልአሚን።

ቀናው የፊታውራሪ ዋጋዬ የወንጀል መርማሪ ነበር። ፊታውራሪ አገሩን በጦር ካስገበሩት አዛዦች አንዱ ሲሆኑ በዚያን ጊዜ አሶሳ ላይ የመንግሥት እንደራሴ ሆነው ተቀምጠዋል። የቀናው ሹመት ባላምባራስ ይባል እንጂ ሥራው ሬሳ ማገላበጥና ሌባ ማሳደድ ነው። የወንበራ ሽናሻ ነው። ሽናሽኛና አማርኛ እኩል ይናገራል፣ የገበያ ዓረብኛም አያጣም፤ የአገሩን ቋንቋ በርትኛን ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ከሰላምታ በላይ አልለመደም። በዚህ ሁልጊዜ ያፍር ነበር። ስለዚህ ያለ አልአሚን የትም አይሄድም። አልአሚን የሃያ ሁለት ዓመት ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በሟቹ ቤት አድጎ፣ ፊደልም እዚያው ቆጥሮ፣ ከዚያ ለመንግሥት ሥራ የተሰጠ።

የታሰረው ሰው ቀና ሲል ቀናው ደነገጠ። የወንበራው ማር ነጋዴ ዳኜ ነበር። የአገሩ ልጅ።

ቀናው ወደ ሬሳው ጎንበስ አለ። ፍላጻውን ነቀለና በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ነጭ እጀ ጠባብ አየ። ደም የለም። አንዲት ጠብታ እንኳ የለም። የሞተ ሰው አይደማም፤ ፍላጻው ሲሰካበት ግራዝማች ዐወድ ቀድሞ ሞቷል ማለት ነው።

ሬሳውን ገለበጡት። አፍንጫው ውስጥ፣ ጢሙ ሥርና ጥፍሮቹ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ ተጠቅጥቋል። ቀናው በጣቱ ጫፍ ወሰደና ወደ ፀሐይ አዞረው። እንደ ባሩድ ጥቁር ነው። ከእግሩ ሥር ያለውን የመሻገሪያውን አሸዋ ዘገነ። ነጭ ነው።

«ምን አገኙ?» አለው አልአሚን።

«አሸዋ» አለና መሐረቡ ውስጥ ቋጠረው።

ፊታውራሪ ዋጋዬ ከቀርቀሃ በተሠራው አዳራሻቸው ውስጥ ይንጎራደዱ ነበር። ሟቹ ተራ ሰው አልነበረም። በጥቅምት ንጉሠ ነገሥቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒስትሮች ሾሙ። በታኅሣሥ ደግሞ ዐወድን ለጠረፍ አገር ጉዳይ ከሚኒስትሮቹ ለአንዱ ረዳት አድርጎ የሚሾም ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣ። ሚኒስትር የሚለውን ቃል ትርጉም አሶሳ ላይ በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ረዳቱ የአሶሳ ሰው መሆኑን ግን ሁሉም አወቀ። ዐወድ ሊነሣ የቀረው አምስት ቀን ብቻ ነበር።

«ረቡዕ መልእክተኛ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል» አሉ ፊታውራሪ። «ረዳታችሁ ሞተ የሚል ደብዳቤ ብቻ አልክም። ገዳዩም ተሰቀለ የሚል አብሮ ይሄዳል። ማክሰኞ ገበያ ነው።»

«ዳኜ ስለ መግደሉ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ነገ አውጫጭኝ ይቀመጥ። አገሬው ተሰብስቦ ይጠቁም።»

«አገሬው ፀሐይ ላይ ሲሰለቸው የዳኜን ስም ጠርቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

ፊታውራሪ ቆም ብለው አዩት። «ዳኜ የአገርህ ሰው ነው።»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ሰው ይህን ያያል፣ ቀናው።»

«ያያል። እስከ ሰኞ ማታ ይስጡኝ።»

ሰጡት። ግን እንጨቱን ከገበያው ዳር እንዲያቆሙ ያን ቀን ለወታደሮቹ አዘዙ።

ዳኜ የታሰረው በወታደሮቹ ግቢ ውስጥ በግንድ ነበር። ቀናው ውሃ አጠጣውና አጠገቡ ቁጭ አለ።

«ሐሙስ ገበያ ላይ እገድልሃለሁ ብለኸዋል።»

«ብያለሁ። ለመንገዴ ይሁነኝ ብሎ የደህናዋን በቅሎዬን አስነጠቀኝ። አንቱስ ቢሆኑ ምን ይላሉ?»

«ዓርብ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ማደሪያዬ ማር ሳጣራ። ብቻዬን። ንብ ካልመሰከረልኝ ሌላ ምስክር የለኝም።»

ቀናው ፍላጻውን አውጥቶ አሳየው። ዳኜ በታሰረ እጁ ተቀበለና ዳበሰው።

«የወንበራ ነው» አለ። «የኔ ግን አይደለም። ላባው ሥር ያለውን ቀይ ክር አዩት? ይህን የምናስረው ለትልቅ ሰው እጅ መንሻ ስናበጅ ነው። በእንዲህ ያለ ማንም አያድንም። ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀል።»

ቀናው ቀዩን ክር አየና ፍላጻውን መልሶ ተቀበለው። ዳኜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሽናሽኛ ጠየቀው።

«ይሰቅሉኛል?»

«አላውቅም» አለው በዚያው ቋንቋ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሟቹ ቤት ሄደ። ሚስቲቱ ኸድራ ሐዘን ላይ ተቀምጣለች። አማርኛዋ የተሰባበረ ቢሆንም አስተርጓሚ አልፈለገችም።

«ግራዝማች ታሞ ነበር» አለች። «ወባ ነው፣ ሰባት ቀን። ጉልበት የለም። ዓርብ አትውጣ አልኩ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ብቻውን በቅሎ ወጣ። መድኃኒቱን ረሳ። አልአሚንን ላክሁ፣ ተከተል፣ መድኃኒት ስጠው አልኩ። አልአሚን አላገኘሁም ብሎ ተመለሰ። በኋላ በቅሎው ባዶውን መጣ።»

«ወዴት እንደሚሄድ ነግሮዎታል?»

«ወርቅ ጉድጓድ። ሴት ሊመርጥ።»

«ምን ሴት?»

ኸድራ እጇን ወደ ጓሮ ዘረጋች። በቀርቀሃው አጥር ስንጥቅ ሰባት ልጃገረዶች ጥላ ሥር ተቀምጠው ይታያሉ። «አዲስ አበባ ለትልልቅ ሰው ይሰጣል። ስምንት አለ። አንድ ቀረ።»

ከዚያ ቀናው ሳይጠይቃት ስለ ባሏ ታወራው ጀመር። ድሮ ከሱዳን ለሚመጡ ነጋዴዎች ግመል ይጭን ነበር፤ ከእነሱ ዓረብኛ፣ ከደገኞቹ አማርኛ ለመደ። ጦሩ ሲመጣ አስተርጓሚ ሆነ። ከዚያ ወርቅ ጉድጓድ ተሰጠው። ከዚያ የመንደር ሹም፣ ከዚያ ግራዝማች፣ ከዚያ የእንደራሴው ቀኝ እጅ። «በየዓመቱ ከፍ አለ» አለች። «በየዓመቱ ደግሞ ሰላም የሚለን ሰው አነሰ።»

ቀናው የእንግዳ መቀበያውን ግድግዳ ያይ ነበር። ጋሻ ተሰቅሏል፣ ጎራዴ ተሰቅሏል። ከጎራዴው አጠገብ ከቆዳ የተሠራ የፍላጻ ኮሮጆ አለ። ተነሥቶ አወረደው። የፍላጻዎቹ ላባ ሁሉ በቀይ ክር ታስሯል።

«ይህን ማን ሰጣቸው?»

«የወንበራ ባላባት። ስድስት ነው።»

አምስት ነበሩ።

በአሶሳ ከዐወድ ቀጥሎ ትልቅ ሰው ሸህ ዓብዱልባሲጥ ነበሩ። የረዳትነቱ ሹመት ለእሳቸው ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ ለዐወድ መጣ። ከዐወድ ቤት እንደ ልቡ የሚገባና የሚወጣ ሰው ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ቀናው ከሁሉ በፊት የሰማው የእሳቸውን ስም ነው።

«ዓርብ ከንጋት ጀምሮ እስከ ጁምዓ ሶላት ቤቴ ደረሶቼን ቁርአን ሳስቀራ ነበርሁ» አሉት ሸሁ ረጋ ብለው።

ቀናው ሁለት ደረሶችን ለየብቻ ጠየቀ። ሁለቱም ዓርብ ጠዋት ሸሁ አልነበሩም አሉ። ለአንድ ቀን ያህል ነገሩ ያለቀ መሰለው። ሸሁ ምክንያት አላቸው፣ ቤቱን ያውቃሉ፣ ዋሽተዋልም። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ከቤታቸው ሲወጡ ተከተላቸው። ሽማግሌው በትራቸውን እያስቀደሙ፣ ድንጋይ እያደናቀፋቸው፣ ከከተማው ወጣ ብላ ወደምትኖር አንዲት መድኃኒተኛ ጎጆ ገቡ። ቀናው በሩ ላይ ሲደርስ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ሴትየዋ የቅጠል ጭማቂ ዓይናቸው ውስጥ ትጨምቅላቸዋለች።

«ማን ነው የመጣው?» አሉ። ሦስት እርምጃ ላይ ቆሞ አላዩትም።

«ቀናው ነኝ።»

ሸሁ ተነሥተው ተቀመጡ። «ዓርብም እዚሁ ነበርሁ። ጠይቃት። ማንበብ ከተወኝ ስምንት ወር ሆነኝ። ዓይነ ስውር ማን ይሾማል? ለዚህ ነው የዋሸሁህ።»

መድኃኒተኛዋ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ቀናው ሊወጣ ሲል መለስ አለና፣ «የወርቅ ጉድጓዱ የት ነው?» አላቸው።

«ከመሻገሪያው በላይ፣ ወንዙን ይዘህ ስትወጣ። ጥቁር አሸዋ ታያለህ።»

ያንኑ ጠዋት ከአልአሚን ጋር ወጡ። ጉድጓዶቹ ከወንዙ ዳር ተደርድረዋል፤ ወገብ ድረስ የሚያሰጥም ጭቃማ ውሃ ይዘዋል፤ በየአፋቸው ጥቁር አሸዋ ተከምሯል። ቀናው መሐረቡን ፈትቶ አስተያየ። አንድ ነው። ስድስት ሴቶች ጎንበስ ብለው አሸዋውን በእንጨት ገበታ እያጠቡ ወርቅ ይለያሉ።

አንድ በአንድ ጠየቃቸው። ዓርብ ጉድጓድ አንወርድም፣ ማንም አልነበረም አሉ። አምስቱ እንዲህ አሉ። ስድስተኛዋ ብኸይታ የምትባል፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ክንዷ እንደ ወንድ የጠነከረ ሴት ነበረች። ገበታዋን አስቀምጣ ቀናውን ዓይን ዓይኑን እያየች ተናገረች። ረጅም ነበር የተናገረችው። ቀናው ከቃሏ መካከል ሁለት ነገር ለየ፤ «አቡ ሐጀር» የሚል፣ ሁለት ጊዜ፤ ከዚያም «ሐራም» የሚል። ስትጨርስ ወደ አልአሚን ዞረ።

አልአሚን ዓይኑን ወደ ጉድጓዱ መለሰ። «እኔም ዓርብ አልነበርኩም ትላለች።»

«ይኸው ብቻ?»

«ስለ ሥራው ድካምም አወራች።»

ሴትየዋ አልአሚንን አየችው። ፊቷ ላይ ንዴት ይሁን ኀዘን ቀናው ሊለይ አልቻለም። ከዚያ ገበታዋን አንሥታ ማጠቧን ቀጠለች።

ሲመለሱ አልአሚንን ወደ ከተማ ላከና ወደ ሸህ ዓብዱልባሲጥ ብቻውን ሄደ።

«አቡ ሐጀር ምንድን ነው?»

«መንደር ነበር። ዐወድ ሥራ የጀመረው እዚያ ነው» አሉ ሸሁ። «የዛሬ ዐሥር ዓመት ጦሩ ሲመጣ አስተርጓሚው እሱ ነበር። ሌሎች መንደሮች ገበሩና ቀሩ። አቡ ሐጀር ግን አንገብርም አለ ተባለ፤ ተቃጠለ። ሰባ ሦስት ነፍስ ለባርነት ተነድቶ ሄደ። የመንደሩ ወርቅ ጉድጓድ ለዐወድ ተሰጠ።»

«አንገብርም ማለታቸውን ያላመኑት ይመስላሉ?»

«እኔ አልነበርሁም። በማግስቱ ግን ሙታኑን ልንቀብር ሄደን ነበር። ከሽማግሌዎቹ ሬሳ ሥር ምንጣፍ ተነጥፏል። የወተት ቅል በየቦታው ተደፍቷል። ሊዋጋ የተዘጋጀ ሰው ለእንግዳ ምንጣፍ አያነጥፍም። ይህን ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገርሁም።»

«ከዚያ መንደር የተረፈ አለ?»

«ጥቂት ናቸው። ብኸይታ፣ የመንደሩ አለቃ ልጅ። ሁለት ልጆቿ ተነድተዋል፤ አማል የምትባል ታናሿ ቀርታላታለች። የእህቷን ልጅ ደግሞ ዐወድ ለራሱ ቤት ወሰደው። አብሮህ የሚሄደው ነው።»

ሰኞ ጠዋት ቀናው ብቻውን ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ብኸይታ ብቻዋን ነበረች። እንዴት እንደሚያናግራት አላወቀም። በእጁ ጉድጓዱን፣ ከዚያ አፍንጫውን አመለከተ።

«ትናንት ነግሬህ ነበር» አለች በአማርኛ።

ቀናው እጁን አወረደ።

«ገደልኩት አልኩህ። ማር ነጋዴውን ፍታው፣ እሱን መስቀል ሐራም ነው አልኩህ። ልጁ ሌላ ነገር ነገረህ።»

«አማርኛ ታውቂያለሽ።»

«በልጅነቴ ወንበራ አግብቼ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ከአቡ ሐጀር ወዲህ ግን አልተናገርኩትም።»

«ታዲያ ትናንት ለምን ራስሽ አልነገርሽኝም?»

«የእህቴ ልጅ ነው። ውሸቱን እዚያው ባፈርስበት እሱን ትሰቅላለህ። አንድ ቀን ላስብ አልኩ። ዛሬ እኔው ልመጣ ነበር።»

ገበታዋን ደፍታ ላዩ ላይ ተቀመጠችና ነገረችው። የዛሬ ዐሥር ዓመት አዛዡ ፈረስ ላይ ሆነው ሲጠይቁ አባቷ ከምንጣፉ ተነሥቶ፣ «እንገባለን፣ እንገብራለን፣ ወርቁን ክረምቱ ሲወጣ እናመጣለን» አለ። ዐወድ ወደ አዛዡ ዞሮ፣ «አንገባም፤ ወርቁን ከቻላችሁ በጦር ውሰዱ ይላሉ» አለ። እሷ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ቆማ ሁለቱንም ሰማች።

«ሽማግሌ ሲናገር ሴት አፏን አትከፍትም» አለች። «ልክፈት አልክፈት ስል ተኩሱ ተጀመረ። ዐሥር ዓመት ሙሉ ያቺን ጊዜ ነው የማስበው። እፍ ብትል የምታልፍ ጊዜ ነበረች።»

ዓርብ ዐወድ አማልን ይዛ እንድትመጣ ልኮባት ነበር። ብቻዋን ሄደች። ወባው አድክሞት ከበቅሎው ሲወርድ ይንገዳገድ ነበር። ልጅቷን ጠየቃት። እሷ ግን በአማርኛ፣ «አባቴ ያን ቀን ምን አለ?» አለችው።

«ደነገጠ። ከዚያ፣ "ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ሥራ ፈልጌ ነበር" አለኝ። እንደ ደህና ሰው ነው ያለኝ። ከዚያ ውሃ ጠማኝ ብሎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከ። ጉልበቴን ጀርባው ላይ ጣልኩ፤ ራሱን ይዤ አሸዋው ውስጥ ከተትኩ። ብዙ አልታገለም።»

«ፍላጻውስ?»

«እሱን ልጁን ጠይቅ። መድኃኒት ይዞ መጣ፤ ሬሳው አጠገብ ተቀምጬ አገኘኝ። ወደ ቤትሽ ሂጂ አለኝ። ሌላውን አላውቅም።»

ቀናው በቅሎውን ሊፈታ ሄደና ተወው። ተመልሶ መጣ። «ብትሄጂስ? ዓባይን ብትሻገሪ...»

«ማር ነጋዴው ነገ አይደል የሚሰቀለው?»

«ነው።»

«እንግዲያው እንሂድ» አለችና እግሯን ታጥባ ተነሣች።

አልአሚን የካደው ነገር የለም። ሬሳውን በሟቹ በቅሎ ጭኖ መሻገሪያው ድረስ አወረደው፤ ወደ ቤት ተመልሶ ፍላጻ አንሥቶ መጣና ወጋው።

«ያልታወቀ አዳኝ ገደለው ይባልና ይቀራል ብዬ ነው» አለ። «የወንበራ ፍላጻ መሆኑን አላስተዋልኩም።»

«ዳኜ ታስሮ ሲመጣ ግን አየኸው።»

«አየሁት።»

«ትናንት አክስትህ ፍቱት ስትልም ሰማህ።»

አልአሚን መሬት መሬቱን አየ። «ሰማሁ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ማንን እንደመሰልኩ የገባኝ።»

ቀናው ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ምርመራውን ጻፈ። ገዳይዋን ጻፈ፣ ምክንያቷን ጻፈ፣ አቡ ሐጀርን ጻፈ። ፍላጻውን በተመለከተ «በማን እንደ ተሰካ አልታወቀም» አለ። በሥራ ዘመኑ አውቆ የጻፈው የመጀመሪያው ውሸት ነበር፤ ሲጽፈው ብዕሩን ሁለት ጊዜ አስቀምጧል።

ፊታውራሪ ዋጋዬ ወረቀቱን ተቀብለው ሳያነቡ መከዳው ላይ አኖሩት። «ሴት ናት?»

«ሴት ናት። ምክንያቷን ግን ቢሰሙ እወዳለሁ፣ ጌታዬ። እርስዎንም ይነካል።»

«ባሪያ ጌታዋን ገደለች። ሌላ ምክንያት አልፈልግም። ነጋዴውን ፍታው።»

«ጌታዬ...»

«ሂድ፣ ቀናው።»

ሲወጣ አልአሚን ደጅ ቆሞ ነበር። ቀናው አጠገቡ ሲደርስ ቆመ። «ነገ የመጨረሻ ቃል ይፈቀድላታል። ያለችውን ሁሉ፣ አንዲት ሳታስቀር ወደ አማርኛ ትመልሳለህ።»

«ፊታውራሪ ያስገድሉኛል።»

«ይሆናል» አለው ቀናው።

ዳኜ ሲፈታ አላመሰገነም። እጁን እያሻሸ፣ «ማን ሊሰቀል ነው?» ብሎ ጠየቀ። ቀናው ነገረው። ዳኜ በቅሎውን ሳይጠይቅ፣ ማሩንም ሳይሸጥ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ወንበራ መንገድ ወጣ።

ማክሰኞ ገበያው ቀድሞ ሞላ። ብኸይታን ከእንጨቱ ሥር አቆሟት። ፊታውራሪ ጥላ ተይዞላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቃል ካለሽ ተናገሪ ተባለች። አማርኛ ማወቋን ቀናው ብቻ ያውቃል፤ እሷ ግን በበርትኛ ጀመረች። ገበያው ውስጥ ያሉት የአገሯ ሰዎች እንዲሰሙ ነበር። ስትናገር ገበያው እየተነሣ፣ ወደ እሷ እየተጠጋ፣ ፀጥ አለ። ወታደሮቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ምን ትላለች?» አሉ ፊታውራሪ።

አልአሚን ፊቱ አመድ መስሏል። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ።

«የአቡ ሐጀር አለቃ ልጅ ነኝ ትላለች። የዛሬ ዐሥር ዓመት አባቴ ለጦሩ አዛዥ፣ እንገባለን፣ እንገብራለን፣ ወርቁን ክረምቱ ሲወጣ እናመጣለን አለ። ዐወድ ግን አንገባም ይላሉ ብሎ ነገራቸው። አዛዡም ያመኑት ያንን ነው። ሰባ ሦስት ሰው በዚያ ቃል ሄደ ትላለች። አዛዡ እርስዎ ነበሩ ትላለች።»

ፊታውራሪ ሴትዮዋን አዩ፣ ከዚያ ቀናውን አዩ።

«ይህን ታውቅ ነበር?»

«ጽፌዋለሁ፣ ጌታዬ።»

ፊታውራሪ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለብዙ ጊዜ መሬት መሬት አዩ። «ምንጣፍ ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። «ፈረሴ ምንጣፍ ረግጦ ነበር።»

ከዚያ ወደ ቀናው ዞሩ።

«ዐወድ ጓሮ ያሉት ሴቶች ስንት ናቸው?»

«ሰባት» አለ ቀናው።

«ወደየቤታቸው ይሂዱ።»

ቀናው ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቀ። ሰውም ሁሉ ጠበቀ። ፊታውራሪ ከወንበራቸው ተነሡና ጥላ ያዡን ትተው ወደ አዳራሻቸው መንገድ ጀመሩ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ሳይዞሩ እጃቸውን ለሰቃዮቹ አነሡ።

ከሰዓት በኋላ ሬሳዋን አውርደው ለአገሯ ሰዎች ሰጡ። ቃሬዛውን ለመሸከም መጀመሪያ የቀረበ አልነበረም፤ ወታደር ስለቆመ ሰው ፈርቷል። ልጇ አማል የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ብቻዋን ይዛ ስትታገል አልአሚን ሌላውን ያዘ። ቀናው ነጠላውን አውልቆ ከኋላ ገባ። ከዚያ ሸህ ዓብዱልባሲጥ በበትራቸው እየዳበሱ መጡና አራተኛውን ጫፍ ፈልገው አገኙ። ወደ መቃብሩ ቁልቁለት ሲወርዱ ከኋላቸው የእግር ኮቴ በዛ። መቃብሩ አፍ ላይ ሲደርሱ ክርስቲያን ስለሆነ ቀናው ቦታውን ለሌላ ሰው ለቀቀና ዛፍ ሥር ቆመ። ስግደቱና ቀብሩ እስኪያልቅ እዚያው ቆየ።

አልአሚን አፈሩን ከእጁ እያራገፈ ወደ እሱ መጣ።

«ነገስ ወዴት ነን?» አለው።

«እኔ ነገ ወደ ወንበራ ነኝ» አለ ቀናው። «አንተ ልጅቷን ወደ ቤቷ አድርሳት።»

አልአሚን የአማልን እጅ ይዞ ሄደ። ቀናው ከዓይኑ እስኪጠፉ አየና ሹመቱን መልሶ ለማስረከብ ወደ አዳራሹ መንገድ ያዘ።